ድራይቭ ኢን ሲኒማ ምንድን ነው? የትስ ገባ?

ድራይቭ ኢን ማለት መኪናችሁ ውስጥ ቁጭ እንዳላችሁ ፊልም የምታዩበት ሜዳ ነው። ጣራ የለው ወንበር የለው፣ ፊት ለፊት ፎቅ የሚያክል ነጭ ስክሪን፣ ፕሮጀክተሩ ያለበት ክፍልና ፈንዲሻና ሆትዶግ የሚሸጥበት ቤት፣ የቀረው በረድፍ የቆመ መኪና ነው፣ በቃ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ መጨረሻ (ከዚህ በታች ያለውም ቀንና ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ ነው) ከ4000 በላይ ነበሩ፣ አብዛኞቹ ትናንሽ ከተሞች ዳር። ዛሬ የቀሩት 300 ገደማ ናቸው።

ሀሳቡን ያመጣው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የሚባል የኒው ጀርሲ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ላይ ስክሪን ቸነከረ፣ ፕሮጀክተሩን መኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠና መሞከር ጀመረ፣ እንደሚባለው ዝናብ ቢመጣስ ብሎ የሳር ማጠጫውን ሁሉ ከፍቶ ሞክሯል። ዋናው ችግር ግን ዝናቡ ሳይሆን ፊት የቆመው መኪና የኋለኛውን መጋረዱ ነው፣ መፍትሄውም መሬቱን እንደ ትንንሽ ጉብታ መስራት ሆነ፣ የፊት ጎማ ጉብታው ላይ ሲወጣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፣ እናንተም ከፊታችሁ ባለው ጣራ ላይ አሻግራችሁ ታያላችሁ። ፓተንቱን፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን፣ ያገኘው በዚህ ነው። ሰኔ 6 ቀን 1933 እዛው ኒው ጀርሲ ካምደን ከተማ አጠገብ ከፈተው፣ ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ ለሰው 25 ሳንቲም። ማስታወቂያው ልጆቻችሁ ቢጮሁም ቤተሰቡን ሁሉ ይዛችሁ ኑ የሚል ነበር፣ ሰውየው ብልጥ ነው።

ድምፁ ግን ጉድ ነበር። ስፒከሩ ስክሪኑ ጋ ስለነበር የኋላ ረድፍ ያለው ሰው ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ነው ንግግሩን የሚሰማው፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ሳይከፍል ፊልሙን ሙሉ ሲሰማ ያመሻል። በኋላ ከምሰሶ አውርዶ መስኮት ላይ የሚሰቀል ትንሽ ስፒከር መጣ፣ ያኔ ደግሞ ሰዉ ፊልሙ ሲያልቅ ረስቶት ገመዱን በጥሶ ይዞት ይሄዳል። አሁን በመኪናው ኤፍኤም ሬድዮ ነው።

ለምን ጠፋ ሲባል ሁሉም ቲቪ ነው ይላል፣ ቪዲዮ ነው ይላል፣ ልክ ነው፣ ለኔ ግን ከሁሉም በላይ የገደለው መሬቱ ነው። ድራይቭ ኢን ብዙ መሬት ይበላል፣ ቀን አይሰራም፣ ብዙ ቦታ የብርዱን ወራት በሙሉ ዝግ ነው፣ ይሄ የሚያዋጣው መሬቱ ርካሽ እስከሆነ ድረስ ነው። ከተማ ዳር የተከፈተውም ለዛ ነው። ከዛ ከተማው እየሰፋ መጣ፣ ባለቤቱም አርጅቷል፣ ልጆቹም ስራውን አይፈልጉትም፣ አንድ የገበያ ማዕከል ወይም ቤት ሰሪ መጥቶ ጥሩ ዋጋ ሲጠራለት ምን ያድርግ? ሸጠው። አንዳንዱ ቦታ ሳይሰራበት ቀርቶ እነዛ የጉብታ ረድፎች ዛሬም ከላይ በሳተላይት ምስል ይታያሉ።

ሰዓቱም አለ። በ1966 የወጣው ህግ በሙቀቱ ወራት ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት እንዲገፋ በአብዛኛው አሜሪካ አንድ ወጥ አደረገው፣ ስለዚህ ይጨልም ዘንድ አንድ ሰዓት ተጨማሪ መጠበቅ መጣ፣ ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት አይቆይም። ከዛ የ70ዎቹ የነዳጅ ችግር፣ ከዛ በ2013 አካባቢ ስቱዲዮዎቹ የፊልም ጥቅል ትተው ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ፕሮጀክተሩ ብቻ በአስር ሺዎች ዶላር ሆነ፣ በአንድ ስክሪን የሚኖር የትንሽ ከተማ ሰው ከየት ያምጣው።

በ2020 በኮቪድ ጊዜ ሲኒማ ቤቱ ሁሉ ሲዘጋ ድራይቭ ኢን ትንሽ ነፍስ ዘርቶ ነበር። ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ባልቲሞር አጠገብ ከ1956 ጀምሮ ያለው ቤንጊስ አለላችሁ፣ ስክሪኑ በጣም ትልቅ ነው። ከቤት ምግብ ቋጥራችሁ ለመግባት ግን የፈቃድ ክፍያ አለው፣ ሰው ይናደዳል ግን አይፈረድበትም፣ ከቲኬቱ ብዙውን የሚወስደው ስቱዲዮው ስለሆነ ቤቱ የሚኖረው በፈንዲሻው ነው።