የድሮ ሃይ ፋይ ስፒከሮች ማቆሚያና አቀማመጥ በባሕር ዳር

በተለምዶ የስፒከር እግር የሚባለው ስፒከርን ከወለል ከፍ አድርጎ፣ ሳይወዛወዝ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል የሚይዝ ማቆሚያ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የተሠሩ፣ ባለ እንጨት ሳጥን የሳሎን ስፒከሮችን ነው። በየሱቁ ደጃፍ ቆመው ወደ መንገድ የሚጮኹት እዚህ አይገቡም፤ ለእነሱ የሚስማማው አቀማመጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞር ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ስፒከር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ብፌ ላይ ነው። አንዱ ከቴሌቪዥኑ ግራ፣ ሌላው ከቀኝ፤ በላያቸው ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ባሱ ሲመታ ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደሩት ሲኒዎች አብረው ይንጫጫሉ፤ ቤተሰቡ ግን ለዓመታት ስለለመደው የዘፈኑ አካል ይመስለዋል። ብፌ ባዶ ሳጥን በመሆኑ ንዝረቱን ተቀብሎ የራሱን ድምፅ ይጨምራል። የሸክላ ማጫወቻው እዚያው ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ንዝረቱ በመርፌው በኩል ተመልሶ ይገባና ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ማጓራት ይጀምራል።

አቀማመጥ ከስፒከሩ አሠራር ጋር አብሮ የተወለደ ጉዳይ ነው። ግራሞፎን ሣጥኑም ቀንዱም የራሱ ስለነበር ይታለፋል። አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 ለገበያ ያቀረበው ክሊፕሽሆርን የተባለ ስፒከር የክፍሉን ጥግ የቀንዱ ቅጥያ አድርጎ ይጠቀማል፤ ከጥግ ከወጣ ባሱ ይጎድላል። በ1954 ኤድጋር ቪልቹር ከሄንሪ ክሎስ ጋር አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የቪልቹር ፈጠራ የታሸገውን አየር እንደ ስፕሪንግ የሚጠቀም ሳጥን ነበር። በዚህም ቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር ይሰጥ የነበረውን ባስ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ሳጥን ማግኘት ተቻለ። «መደርደሪያ» የሚለው ቃል ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። በ1967 የወጣው የዚሁ ኩባንያ ስፒከር፣ ኤ.አር. 3ኤ፣ አንዱ ብቻ 24 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ደካማ መደርደሪያ አይችለውም። የዚህ ዓይነቱ ስፒከር ግድግዳ ተጠግቶ እንዲሠራ የታሰበ በመሆኑ ዛሬ በቀጭን እግር አቁመው ወደ ክፍሉ መሐል የሚያወጡት ሰዎች «ባሱ ሳሳ» ብለው ያማርራሉ። ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም። በተቃራኒው ቢቢሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለተንቀሳቃሽ የስርጭት መኪናዎቹ የነደፈው ትንሹ ኤል.ኤስ. 3/5ኤ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር በሚሆን እግር ላይ ሲቆም ያምርበታል። በአኩስቲክ ሪሰርች ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሮይ አሊሰን በ1974 ባሳተመው ጥናት ግድግዳና ወለል የስፒከርን ባስ እንዴት እንደሚለውጡ በስሌት አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ምክር ሁሉ ማለት ይቻላል የእሱ ዝርዝር ነው። ከ1980ዎቹ በኋላ በራሳቸው የሚቆሙ ረጃጅም ስፒከሮች በዙ።

ስሌቱ ባሕር ዳርም ይሠራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ከፍታው ስላልሆነ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር የሚለው ቁጥር እንዳለ ይወሰዳል። የስፒከሩ ፊት ከኋላው ግድግዳ አንድ ሜትር ቢርቅ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ 86 ኸርዝ (በሰከንድ 86 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ባስ ያጠፋዋል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ ጉድለቱ ወደ 171 ኸርዝ ይወጣል። እያንዳንዱ ቅርብ ገጽ፣ ግድግዳም ይሁን ወለል፣ በንድፈ ሐሳብ ባሱን እስከ 6 ዴሲቤል ያጎላል፤ ጥግ ላይ ሦስቱ ገጾች ይደራረባሉ። የእኛ ክፉ ዕጣ አራት በአራት የሚባለው ክፍል ነው። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ስለሆነ ሁለቱም 43 ኸርዝ ላይ አብረው ይጮኻሉ። የብሎኬት ቤት ባሱን መልሶ ይወረውረዋል፤ ከበላዩ ክፍተት ያለው ስስ ኮርኒስ ግን ጥቂቱን ይውጣል፤ ስለዚህ ኮርኒስ ያለው ሳሎን ከሌለው የተሻለ ይሰማል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። ሽምብጥ አካባቢ በአንድ ሳሎን የሞከርነው ዘዴ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ስፒከሩን ከጥግ በአሥር አሥር ሴንቲ ሜትር እያወጣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። መፈተኛው የማሲንቆ ዘፈን ነበር። በሦስተኛው ምልክት ላይ የሲኒው ንጭንጭታ ቀረ፤ በአምስተኛው የአዝማሪው ድምፅ ከሁለቱ ስፒከሮች ወጥቶ መሐል ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ካለበት፣ መሰማት ጀመረ። ለማስተካከያው የወጣው ወጪ የአንድ ጠመኔ ዋጋ ነው።

ከፍታን በተመለከተ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ከወለል ከ90 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ትልልቆቹ የ1970ዎቹ ስፒከሮች እግራቸው አጭር ቢሆንም ፊታቸው በጥቂቱ ወደ ላይ ከቀና ይበቃል።

በማቆሚያ ሥራ ባሕር ዳር የምትታማ ከተማ አይደለችም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው፣ ዛሬም ነዋሪው «ፖሊ» ብሎ የሚጠራው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም፣ ብረትና እንጨትን በሚገባ የሚያውቁ ባለሙያዎችን ያፈራ ቤት ነው። ዋንዛ ለእግሩ ከሁሉም እንጨት ይበልጣል፤ በቀላሉ ይላጋል፣ አይጣመምም፣ ምስጥንም በደህና ይቋቋማል። ጉድለቱ ቀላልነቱ ነው። ስለዚህ ከሥሩ የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ይገባል፤ 30 በ30 ተጠርቦ 5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር፣ ቀዳዳ የሌለበት ጠፍጣፋ ድንጋይ 13 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ብረት የሚመርጡ አራት ማዕዘን ቱቦ አስበይደው አሸዋ ይሞሉበታል፤ ውስጡ 10 በ10 የሆነ፣ 50 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቱቦ 8 ኪሎ ግራም ገደማ አሸዋ ይይዛል። አሸዋው አስቀድሞ ምጣድ ላይ ይታመሳል፤ እርጥብ ከገባ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል።

ከእግሩ ሥር ሹል ብረት ይሁን ወይስ ጎማ የሚለው ክርክር አላለቀም። ሹሉን የሚደግፉ ሰዎች ድምፁ ይጠራል ይላሉ፤ ይሆናል። መሬት ላይ በተሞላ የሲሚንቶ ወለል ላይ ግን ሁነኛ ልዩነት አላሳየንም፤ ሴራሚክ ላይ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ይቧጭራል። ሦስት እግር ከአራት መሻሉ ግን አያከራክርም፤ ጎርባጣ ወለል ላይ አይወዛወዝም፣ ጉልቻም ሦስት የሆነው በከንቱ አይደለም።

እግር ለባሕር ዳር ቤት ከድምፅ ውጪ ሌላ ጥቅም አለው። ወለል በብዙ ውኃ በሚወለወልበት ቤት መሬት ላይ የተቀመጠ ስፒከር ከሥሩ ይረጥባል፤ ቺፑዱ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይላጣል። በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርድበት ከተማ፣ የውጭ ግድግዳም ላብ አለው፤ ጀርባው ቢያንስ አንድ ጋት ይራቅ። የዎፈሩ (ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ክፍል) ዙሪያ ስፖንጅ ከሆነ እርጥበቱ መበስበሱን ያፋጥነዋል፤ በጣት ሲነካ የሚፈረፍር ከሆነ የትኛውም እግር አያድነውም፣ መቀየር አለበት። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮው መጮኽ ሲጀምር ደግሞ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ዝናቡ እስኪያባራ ቡና ማፍላት ይሻላል።