ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸው ቀን የምን ቀን ነው?

ገላንና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለሕመምተኛ ከአሜሪካ የመጣ የአሉሚኒየም ኦክስጅን ሲሊንደር እቤት ያላችሁ፣ «ቀኑ አልፏል፣ ኦክስጅኑ ተበላሸ ወይ?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ። ቀኑ የጋዙ አይደለም፤ ሲሊንደሩ የተፈተሸበት ነው።

ትከሻው ላይ 05፣ ቀጥሎ የፈታሹ መለያ፣ ከዚያ 19 ካለ፣ የተፈተሸው በፈረንጆች ግንቦት 2019 ነው። በእኛ 2011 መሆኑ ነው። 19ኙን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ገና ጊዜ ያለው ይመስለዋል!

በአሜሪካ ደንብ ፍተሻው በየ5 ዓመቱ ነው። ጊዜው ካለፈ አይሞላም፤ ቀድሞ የተሞላውን ግን ተጠቅሞ መጨረስ ይቻላል። የሌላ አገር ሲሊንደር ከሆነ የጊዜ ገደቡም ምልክቱም ሊለይ ይችላል።

ሲፈተሽ ውሃ ይሞላና ከሥራ ግፊቱ በላይ ይጫናል፤ የ3,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲሊንደር እስከ 5,000 ድረስ። ግፊቱ ሲለቀቅ የተለጠጠው ሲሊንደር ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ሳይመለስ የቀረው ከጠቅላላው መለጠጥ ከ10 በመቶ ከበለጠ ይወገዳል።

ይህ ፍተሻ ግን ሁሉንም አያሳይም። 6351 ከሚባለው የድሮ የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠሩት፣ የጠላቂዎች ሲሊንደሮችም ጭምር፣ ቫልቩ የሚታሰርበት አንገት ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ ስንጥቅ ሊያወጡ ይችላሉ። ሲሞሉ የፈነዱ አሉ። ስለዚህ አንገታቸው ኤዲ ከረንት በሚባል፣ በኤሌክትሪክ ስንጥቅ በሚፈልግ መሣሪያ ለብቻው ይታያል። 6061 ከሚባለው ቅይጥ የተሠሩት ይህ ችግር የለባቸውም።

ቀለሙን ለማሳደስ ጋራዥ ወስዳችሁ ግን በምድጃ አታስደርቁት። ሙቀቱ ከ176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ፣ ማህተሙ የትናንት ቢሆንም ሲሊንደሩ ይወገዳል።