የማይደርቅ እምብርት፦ ዩራከስ ምንድን ነው?

እትብቱ ከወደቀ ሳምንታት አልፈዋል፤ የሕፃኑ እምብርት ግን አሁንም እርጥብ ነው። ሲያለቅስ ጥርት ያለ ፈሳሽ ጠብ ይላል። ይህ ሽንት ሊሆን ይችላል።

ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ሳለ የሽንት ፊኛውን ከእምብርት ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለው። ዩራከስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከመወለዱ በፊት ተዘግቶ እንደ ጅማት ይቀራል። ጨርሶ ካልተዘጋ ሽንት በእምብርት ይወጣል። ጫፎቹ ተዘግተው መሃሉ ክፍት ከቀረ ደግሞ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ይሄኛው ተደብቆ ይኖርና፣ አንዳንዴም በጉልምስና ዕድሜ፣ ሲያመረቅዝ ይታወቃል፦ ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ መግል።

ምርመራው በአልትራሳውንድ ይጀምራል። ወላጆች ወዲያው ቀዶ ጥገና ይታሰባቸዋል፤ ሁልጊዜ ግን አያስፈልግም። ከ6 ወር በታች ባለ ሕፃን ምልክት የሌለው ትንሽ ቅሪት በራሱ ሊጠፋ ስለሚችል በክትትል ይታያል። ካመረቀዘ መጀመሪያ አንቲባዮቲክ ይሰጣል፤ መግል ከቋጠረም ይወጣል። ቀሪውን ቱቦ ቆርጦ ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው። በአዋቂ ላይ፣ ብርቅ ቢሆንም፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል ሐኪሞች ማውጣቱን ይመርጣሉ።

እባካችሁ፣ እርጥብ እምብርት ላይ ቅቤ አትቀቡ። ሕፃኑን ሐኪም ይየው።