ሱቄን ዘግቼ ልረፍ ወይ? የእጅ ሥራ በኦንላይን ለምንሸጥ

የእጅ ሥራውን በኦንላይን የሚሸጥ ሰው አለቃ የለውም። ፈቃድ የሚጠይቀውም የሚከለክለውም ራሱ ነው። እንዳየሁት ደግሞ ከራስ በላይ ጨካኝ አለቃ የለም። እኔ ኪሮሽ እሠራለሁ፤ ቦርሳ፣ ኮፍያ፣ የሕፃናት አሻንጉሊት። ሱቄን ከከፈትኩ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በወጉ አላረፍኩም። ሥራው በዝቶ ብቻ አልነበረም። ስለ ዕረፍት የሰማኋቸውን ነገሮች ሳልመረምር ስላመንኩ ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ያላቸው መሆኑ ነው። ከታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው እነሱ ናቸው።

«ለአንድ ሳምንት ከዘጋሁ ደንበኞቼ ጥለውኝ ይሄዳሉ»

ትልቁ ፍርሃት ይሄ ነው። እስቲ ራሳችሁን በገዢው ቦታ አስቀምጡ። በእጅ የተሠራ ነገር ስታዙ በማግስቱ ደጃፌ ይደርሳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? አትጠብቁም። ከጀርባው የሚሠራ ሰው እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ከፋብሪካው ዕቃ ይልቅ እሱን የመረጣችሁትም ለዚያ ነው።

ደንበኛን የሚያበሽቀው የተዘጋ ሱቅ አይደለም። ክፍት መስሎ መልስ የማይሰጥ ሱቅ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ስድስት ቀን ድምፅ ያጣ ሰው «ይቅርታ፣ ዕረፍት ላይ ነበርኩ» ቢባል ይብስበታል እንጂ አይበርድለትም። ከመክፈሉ በፊት «እስከ 18 ዝግ ነን» የሚል ያየ ሰው ግን ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ሌላ ቦታ ይገዛል። በሁለቱም አይቀየምም።

አንዳንድ ሽያጭ ማምለጡ አይቀርም። ለቅዳሜ ልደት ስጦታ የሚፈልግ ሰው እናንተን አይጠብቅም። ይሂድ።

ማስታወቂያው የት ይቀመጥ የሚለው ነገር ላይ ግን አንድ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ። ኢንስታግራም ስቶሪ ላይ ብቻ «ለአንድ ሳምንት የለሁም» ብዬ ለጥፌ ወጣሁ። ስቶሪ በ24 ሰዓት ይጠፋል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ገጼን የከፈተ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ያለሁ መስሎት ነበር። አሁን ባዮ ላይ፣ ማለትም ገጼ አናት ላይ ባለው አጭር መግለጫ፣ እጽፋለሁ፤ አንድ ፖስትም ከሁሉም በላይ እንዲቆይ ፒን አደርጋለሁ። ቴሌግራም ቻናል ላይም እንደዚያው። «ለጥቂት ቀናት» አልልም፤ ቀኑን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

«የዕረፍት ቁልፉን ከተጫንኩ ሁሉም ነገር ይቆማል»

የእጅ ሥራ የሚሸጥበት ኤትሲ የሚባለው የኦንላይን ገበያ ላይ «ቬኬሽን ሞድ» የሚባል የዕረፍት ቁልፍ አለ። ስትከፍቱት ማንም ከሱቃችሁ መግዛት አይችልም፤ ዕቃዎቹም ከፍለጋ ላይ ይነሳሉ። ለሚጽፍላችሁ ሰውም አስቀድማችሁ ያዘጋጃችሁትን መልስ ይልካል። ይህ ቁልፍ በአንድ ወቅት ከዕረፍት ውጭ ለሌላ ጉዳይም ውሏል። በኤፕሪል 2022 ኤትሲ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚወስደውን ከ5 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ሲያሳድግ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጮች ሱቃቸውን ለአንድ ሳምንት ቬኬሽን ሞድ ላይ አድርገው አድማ መቱ።

ቁልፉ የሚያቆመው ግን አዲስ ሽያጭን ነው። ሌላው ሁሉ ይቀጥላል።

ቀድመው የገቡ ትዕዛዞች አይቆሙም። ለገዢው ቃል የተገባው የመላኪያ ቀን እናንተ የትም ብትሆኑ ይደርሳል። ገዢ «ችግር አለ» ብሎ እርዳታ ከጠየቀ ደግሞ 48 ሰዓት አላችሁ። በዚያ ጊዜ ካልተፈታ ጉዳዩን ወደ ኤትሲ መውሰድ ይችላል። ዕረፍት ላይ መሆናችሁ እዚህ ላይ አይሰማም።

ሁለተኛው ነገር፣ ኤትሲ ላይ አንድ ዕቃ ተለጥፎ የሚቆየው ለአራት ወር ነው። የአራት ወሩ ቆጠራ በዕረፍት ጊዜም ይሄዳል። ከመውጣታችሁ በፊት በመሃል የሚያበቃ ካለ እዩት።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የከፈላችሁበት ማስታወቂያ ሱቁ መዘጋቱን አያውቅም። እናንተ ሄዳችሁ ካላቆማችሁት ገንዘቡን እየበላ ሰዎችን ወደ ተዘጋ በር ያመጣል። አንዲት ሻማ የምትሠራ ወዳጄ ይሄን ያወቀችው የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ነው። ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፤ የመጣባት ቀን ግን የሳቀች አይመስለኝም።

«ወይ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው፣ ወይ ክፍት መተው»

በመሃል ብዙ አለ። ሌላው የኦንላይን ገበያ ኢቤይ የሻጭ ዕረፍት ላይ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፦ ሽያጩን ማቆም፣ ወይም ሽያጩ እየቀጠለ ገዢው ዕቃው ዘግይቶ እንደሚላክ እንዲያይ ማድረግ። የትም ብትሸጡ ይሄንኑ በእጅ ማድረግ ይቻላል። የዝግጅት ጊዜውን፣ ማለትም ዕቃው ከታዘዘ በኋላ እስኪላክ የሚወስደውን፣ ከሦስት ቀን ወደ ሁለት ሳምንት ትቀይሩታላችሁ፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ትጽፋላችሁ። ለሦስትና ለአራት ቀን ዕረፍት እኔ የምጠቀመው ይሄን ነው። ሱቁን አልዘጋም።

ሌላው አማራጭ በልዩ ትዕዛዝ የሚሠራውን ብቻ መዝጋት ነው። «ስሜን ጻፉበት»፣ «ቀለሙን ቀይሩልኝ» የሚለው ሥራ ነው ምልልስ የሚያበዛው። ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ግን የምታምኑት ሰው አሽጎ ሊልክላችሁ ይችላል። የኪሮሽ ወይም የልብስ ስፌት ንድፍ በፋይል የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ እናንተ አታስፈልጉም፤ ገዢው ከፍሎ ራሱ ያወርደዋል። ብቻ ቬኬሽን ሞድ ሱቁን እንዳለ ስለሚዘጋ ፋይሎቹም አብረው እንደሚዘጉ አትርሱ። በፋይል የሚሸጥ ካላችሁ የዝግጅት ጊዜ ማራዘሙ ይሻላል።

«ስልኬ እጄ ላይ ካለ እየመለስኩ ማረፍ እችላለሁ»

አትችሉም። እኔ ሞክሬዋለሁ።

ከቤተሰብ ጋር አራት ቀን ወጥቼ ነበር። ሁሉም ጠረጴዛ ዙሪያ እያወራ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ለደንበኛ እጽፋለሁ። አንዷ ደንበኛ ሦስት የክር ቀለም ፎቶ ልካ «ሁለተኛውን» አለችኝ። ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ ሌላ መልእክት ጻፈች። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ አይቼ «እሺ፣ ጥቁሩ» ብዬ መለስኩ። እሷ የፈለገችው ጥቁር ሰማያዊውን ነበር። ቦርሳውን ከተመለስኩ በኋላ ሠርቼ ስጨርስ ፎቶ ላክሁላት። የመለሰችልኝ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

ያንን ቦርሳ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ። አረፍኩ ያልኩበት አራት ቀን ዕረፍት አልሆነልኝም፤ ሥራም አልሆነልኝም።

ስልኩ ይመልስ፣ እናንተ አትመልሱ። ዋትስአፕ ቢዝነስ ላይ የሌላችሁበትን ቀን አስቀድማችሁ ሞልታችሁ፣ በዚያ ጊዜ ለጻፈ ሁሉ ራሱ መልስ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። የኔ መልስ እንዲህ ይላል፦ «ሰላም! እስከ 18 ድረስ ዕረፍት ላይ ነኝ። ከመዝጋቴ በፊት የታዘዘው ሁሉ ተልኳል፤ የመከታተያ ቁጥሩ በኢሜይል ደርሶዎታል። አዲስ ትዕዛዝ ከ19 ጀምሮ እቀበላለሁ። ለመልእክትዎ በመጣበት ተራ እመልሳለሁ።» ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ዕቃዬ የት ደረሰ፣ መቼ ማዘዝ እችላለሁ፣ መቼ ትመልሺልኛለሽ። ከዚህ ውጭ የሚመጣ አስቸኳይ ነገር እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድም ቀን ስልክ አትንኩ ግን አልልም። የምትሰጉ ከሆነ ጠዋት አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ለቅሬታ ብቻ ክፈቱት። የቀለም ምርጫ ይቆይ።

«ሥራዬ ራሱ ዕረፍት ነው»

ሰው ሁሉ ይሄን ይለናል። «ቁጭ ብለሽ ክር እየጎነጎንሽ ነው እኮ፣ ምን ያደክማል?» እኛም እናምነዋለን። መጀመሪያ ስንጀምር እውነትም ያሳርፍ ነበር። ለራስ አንድ ኮፍያ መሥራትና አሥራ አራት አንድ ዓይነት ኮፍያ እስከ ዓርብ ማድረስ ግን አንድ አይደለም። ጭንቅላት ልዩነቱን ያውቃል። እጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቃል።

ያንኑ እንቅስቃሴ በቀን ሺህ ጊዜ ስንደጋግም የሚጎዳው ጅማትና የእጅ አንጓ ነው። በአንጓችን ውስጥ በጠባብ መንገድ የሚያልፍ ነርቭ አለ። ዙሪያው ሲያብጥ ነርቩ ይጨፈለቃል፤ ካርፓል ታነል የሚሉት እሱ ነው። መለያው ደስ የሚል አይደለም። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት ደግሞ በግማሹ ይደነዝዛሉ። ትንሿን ጣት አይነካትም፤ የሷ ነርቭ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚብሰው ሌሊት ነው። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ እጁን ያራግፋል።

እኔ እጄን ማራገፍ የጀመርኩ ሰሞን «ተኝቼበት ነው» እያልኩ ወራት አሳለፍኩ። ሐኪም ጋ ስሄድ የታዘዘልኝ የመጀመሪያው ነገር ማታ አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያና ከሥራ መራቅ ነበር። ያኔ ሱቁን ለአምስት ሳምንት ዘጋሁ። ያልወሰድኳቸው አጫጭር ዕረፍቶች በአንድ ላይ ተደምረው መጡ። ጣታችሁ እየደነዘዘ ከሆነ ይሄን ጽሑፍ ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ገበያው ሲቀዘቅዝ አርፋለሁ»

ገበያው ሲቀዘቅዝማ ለሚቀጥለው ገበያ የምንሠራበት ጊዜ ነው። ለበዓል የሚሸጥ ዕቃ የሚሠራው በዓሉ ገና ወራት ሲቀረው ነው። ስለዚህ ሽያጩ ሲሞቅ እናሽጋለን፣ ሲቀዘቅዝ እንሠራለን። ባዶ ሳምንት በራሱ አይመጣም። ዕረፍቴን ዓመቱ ሲጀምር ካላንደር ላይ አሰምርበታለሁ፤ የክር ትዕዛዝና የባዛር ቀን የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

«ከመውጣቴ በፊት ሌት ተቀን ሠርቼ ልጨርስ»

ይሄ የዕረፍቱን ግማሽ አስቀድሞ መብላት ነው። የዕረፍታችሁ የመጀመሪያ ሁለት ቀን በእንቅልፍ ያልቃል። መፍትሔው ትዕዛዝ መቀበል የምታቆሙበትን ቀን ከምትወጡበት ቀን መለየት ነው። ሥራዬ በአማካይ አምስት ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ ትዕዛዝ የማቆመው ከመውጣቴ ሰባት ቀን በፊት ነው። ትርፉ ሁለት ቀን ክር ሲጎድል፣ ፖስታ ቤት ሰልፍ ሲበዛ፣ ልጅ ሲታመም መጠባበቂያ ነው።

አንዳንድ ሙያ ደግሞ ከኛ የታደለ ነው። በቀዝቃዛ ዘዴ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ሳሙናውን ከቆረጡ በኋላ ውኃው እንዲወጣና እንዲጠነክር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ያቆዩታል። ከመውጣታቸው በፊት ቆርጠው ደርድረው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ዕቃው ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ኪሮሽ እንደዚያ በራሱ ቢደርስ ምን ነበረበት።

«በተመለስኩበት ቀን እከፍታለሁ»

የዋትስአፕ መልሴ ላይ «ከ19 ጀምሮ» የሚለውን አስተውላችሁ ይሆናል። ቤቴ የምገባው በ16 ነው። ይሄን ደንበኛ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። የመጀመሪያውን ቀን ልብስ አጥቤ እተኛለሁ። በሁለተኛው መልእክቶቹን ከታች ወደ ላይ እያነበብኩ እመልሳለሁ፤ መጀመሪያ የጻፈ መጀመሪያ ይመለስለታል። በሦስተኛው ክር እቆጥራለሁ።

ከዚያ በ19 ጠዋት ሱቁን እከፍታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ምንም አይሸጥም። ድሮ ይሄን ሳይ «አበቃልኝ» እል ነበር። አሁን ሁለት አዲስ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፣ ኮፍያዬን እጀምራለሁ።