ኮረንቲ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?

«ኮረንቲ ያዘው» እንላለን። እውነትም ይይዛል። ጡንቻ የሚሠራው ከነርቭ በሚደርሰው ደካማ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው፤ ከውጭ የበረታ ኮረንቲ ሲገባ የአንጎልን ትእዛዝ ይውጠዋል። የሶኬት ኮረንቲ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ስለሚመላለስ ጡንቻው ፋታ አያገኝም። በዚያ ላይ ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከሚዘረጉት ይበረታሉ። ስለዚህ ሽቦ የጨበጠ ሰው «ልቀቀው!» ሲሉት እየሰማ፣ ጣቶቹ ጭራሽ እየጠበቁ ይሄዳሉ። ለዚህ ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፔር (የኮረንቲ መጠን መለኪያ የሆነው የአምፔር አንድ ሺህኛ) ይበቃል።

ሰው ሁሉ «ስንት ቮልት ነው?» ይላል። ጉዳቱን የሚወስነው ግን በሰውነት ውስጥ ያለፈው ኮረንቲ መጠን፣ ያለፈበት መንገድና የቆየበት ጊዜ ነው። 1 ሚሊአምፔር ነዘር አድርጎ ይተዋል። ከ50 እስከ 100 የሚደርሰው ደረትን አቋርጦ ለአንድ ሰከንድ ያህል ከቆየ ግን ልብን ሊያዛባ ይችላል፤ ልብ ደም መርጨቱን ትቶ ዝም ብሎ ይንዘፈዘፋል፣ ሰውየውም ወዲያው ራሱን ይስታል።

ቮልቱ አንድ ሆኖ አንዱ የሚተርፈው ሌላው የሚሞተው ብዙ ጊዜ በቆዳ ምክንያት ነው። ደረቅና ሻካራ መዳፍ እስከ 100,000 ኦም (ኮረንቲን የመከላከል አቅም መለኪያ) ሊከላከል ይችላል። እርጥብ ሲሆን ወደ 1,000 ይወርዳል። 220 ቮልትን ለ1,000 አካፍሉት፦ 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊአምፔር! የ10 አምፔር ብሬከር ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ ለእናንተ ብሎ አይደለም። ሰውን ለማዳን የሚገጠመው፣ ኮረንቲ ከመስመር ሲያፈተልክ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው ሌላ ዓይነት መቁረጫ ነው።

ቁስሉም ያታልላል። ኮረንቲው የገባበት ቦታ አንዳንዴ ጥፍር የማያህል፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ነው። ከሥሩ ግን፣ በተለይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሆነ፣ አጥንት ዙሪያ ያለው ሥጋ በስሎ ሊሆን ይችላል። የሞተ ጡንቻ ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ሽንት ይጠቁራል፣ ኩላሊትም ሊደክም ይችላል። የዓይን ሞራ ደግሞ ከወራት በኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

የተያዘን ሰው በእጅ መጎተት ሌላ ተያዥ መጨመር ነው። መጀመሪያ ኮረንቲውን አጥፉ። ካልተነፈሰ ደረቱን መጫን ጀምሩ፣ እርዳታ ጥሩ። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ራሱን ስቶ ከነበረ ወይም ደረቱን ካመመው ሐኪም ቤት ሄዶ የልቡ ምት ይታይ።