ፖሊመሮች ከኬሚካል ምዝገባ ነፃ የሚሆኑበት ሕግ

አዲስ ኬሚካል የሚያመርት ወይም የሚያስመጣ ድርጅት በብዙ አገሮች አስቀድሞ ለመንግሥት ማሳወቅና ስለ ደህንነቱ መረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ፖሊመሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ግዴታ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው። ፕላስቲክ፣ ሰው ሠራሽ ጎማ፣ የቀለምና የማጣበቂያ ሙጫ፣ የናይለንና የፖሊስተር ክር ሁሉም ፖሊመር ስለሆኑ ነፃነቱ እጅግ ብዙ ምርት ይሸፍናል።

ፖሊመር የሚሠራው ሞኖመር የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተሰካክተው ረጅም ሰንሰለት ሲፈጥሩ ነው። የነፃነቱ መነሻም የዚህ ሰንሰለት ግዝፈት ነው። ክብደቱ ከ1,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በላይ የሆነ ሞለኪውል በአንጀት ወይም በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ያልገባ ነገር ደግሞ በአብዛኛው አይመርዝም። ሐሳቡ በመሠረቱ ትክክል ነው። ይሁንና ማንኛውም ፖሊመር የረጅምና የአጭር ሰንሰለቶች ድብልቅ ነው፤ ጭራሹን ሳይያያዝ የቀረ ሞኖመርም አይጠፋውም። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ የሚሠራበት ሞኖመር፣ ቪኒል ክሎራይድ፣ ለምሳሌ ሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ ጋዝ ነው። ስለዚህ አማካይ ክብደት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መመዘን ያለበት የትናንሾቹ ድርሻ ነው።

ይህን በቁጥር በግልጽ ያስቀመጠው የአሜሪካ ደንብ ነው። በ1976 የወጣው የመርዛማ ንጥረ ነገሮች ቁጥጥር ሕግ አምራቹ ሥራ ከመጀመሩ 90 ቀን በፊት እንዲያሳውቅ ያዛል። ለፖሊመሮች የተለየ ደንብ በ1984 ወጣ፤ በ1995 ደግሞ ተሻሻለ። አማካይ ክብደቱ ከ1,000 እስከ 10,000 ዳልተን የሆነ ፖሊመር፣ ከ500 ዳልተን በታች የሆነው ክፍሉ ከ10 በመቶ፣ ከ1,000 በታች የሆነው ከ25 በመቶ ማነስ አለበት። ከ10,000 በላይ ለሆነው ጣሪያው ወደ 2 እና 5 በመቶ ይወርዳል። በተፈቀዱ ሞኖመሮች ብቻ የተሠሩ ፖሊስተሮችም የራሳቸው መንገድ አላቸው። ከ1995 ወዲህ መስፈርቱ መሟላቱን የሚወስነው አምራቹ ራሱ ነው፤ ማስረጃውን መዝግቦ ያስቀምጣል እንጂ ቀድሞ ፈቃድ አይጠይቅም። መንግሥት በአምራቹ ላይ ይህን ያህል እምነት መጣሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ከነፃነቱ የተገለሉት ፖሊመሮች ዝርዝር ከቁጥሮቹ የበለጠ ያስተምራል። አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው ፖሊመሮች የተገለሉት ዓሣ ከሚተነፍስበት አካል ጋር ተጣብቀው ስለሚገድሉት ነው፤ ለመግደል ወደ ውስጥ መግባት እንኳ አያስፈልጋቸውም። ውኃ በብዛት ወደ ውስጣቸው የሚስቡ ግዙፍ ፖሊመሮች ደግሞ ብናኛቸውን የተነፈሱ አይጦች ሳምባ ላይ ዕጢ በመታየቱ ተገለሉ። በ2010 ፐርፍሎሮአልኪል የተባለ ፍሎሪን የበዛበት የጎን ሰንሰለት ያላቸው ፖሊመሮች ተጨመሩ፤ ይህ ሰንሰለት ተገንጥሎ በተፈጥሮ ውስጥ የማይጠፋ ኬሚካል ሊሆን ይችላልና።

የደቡብ ኮሪያው አደጋም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለቤት አየር እርጥበት በሚሰጡ መሣሪያዎች ውኃ ውስጥ ይጨመር የነበረው ፒኤችኤምጂ የተባለ ፀረ-ተህዋሲያን አዎንታዊ ቻርጅ ያለው ፖሊመር ነበር። በጉም መልክ ሲተነፈስ ሳምባን እንደሚያጠፋ በ2011 ሲታወቅ ብዙ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ሞተው ነበር። አገሪቱ በ2013 ላወጣችው የኬሚካል ምዝገባ ሕግ አንዱ ግፊት ይህ ሐዘን ነው። ከአደጋው የምንረዳው መሠረታዊ ነገር ቢኖር፣ ግዝፈት በአንጀት በኩል ከመግባት ቢከላከልም ለሳምባ መከታ እንደማይሆን ነው።

የአውሮፓ ኅብረት መንገድ ሌላ ነው። ሪች የተባለው የ2006 ደንብ ፖሊመርን ከምዝገባና ከግምገማ ነፃ አድርጎ ሸክሙን ወደ ሞኖመሩ ያዞራል፤ ሞኖመሩ ከፖሊመሩ ክብደት 2 በመቶ ወይም በላይ ከያዘና መጠኑ በዓመት 1 ቶን ከደረሰ አምራቹ ወይም አስመጪው ሞኖመሩን ያስመዘግባል። ሆኖም ነፃነቱ ከክልከላ አያድንም፤ በ2023 ሆን ተብሎ ምርት ውስጥ በሚጨመሩ ማይክሮፕላስቲኮች ላይ ገደብ የተጣለው በዚሁ ደንብ ነው። ካናዳ ፖሊመሮችን ጨርሶ አትተዋቸውም፤ አነስተኛ ሥጋት ላላቸው የምትጠይቀውን መረጃ ትቀንሳለች። አውስትራሊያ፣ ጃፓንና ቻይናም «ሥጋታቸው አነስተኛ» ለሚሏቸው ቀለል ያለ ሥርዓት አላቸው።

የእነዚህ ደንቦች የጋራ ድክመት ፖሊመሩን በዋናነት ከፋብሪካ በወጣበት መልኩ መመዘናቸው ነው። የአሜሪካው ደንብ በጉልህ የሚበሰብሱትን ያገላል፤ በፀሐይና በሰበቃ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚሰባበር ፕላስቲክ ግን ከዚህ ማጣሪያ በቀላሉ ያመልጣል። ሪች ራሱ የአውሮፓ ኮሚሽን አንዳንድ ፖሊመሮች እንዲመዘገቡ ሐሳብ እንዲያቀርብ በር ከፍቷል፤ ቅድመ ሁኔታው የትኞቹ እንደሚመዘገቡ ለመለየት ተግባራዊና ወጪ ቆጣቢ ዘዴ መገኘቱ ነው። ያ ዘዴ የሞለኪውል ክብደትን ብቻ ሳይሆን ቻርጅን፣ የሚተነፈስ ብናኝ መሆንንና ከአገልግሎት በኋላ የሚሆነውን አብሮ መመዘን ይኖርበታል።