የውሃ አሻራ ምንድን ነው?

«አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ 15,000 ሊትር ውሃ ይፈጃል።» ይህችን አባባል በራዲዮ ሰምቻታለሁ፤ በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ አግኝቻታለሁ፤ ስብሰባ ላይም ትልቅ ሥዕል ተስሎላት ግድግዳ ላይ ስትንጸባረቅ አይቻለሁ። በቅርቡ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቡና ይዘን ስንጫወት የከብት ሥጋ መብላት ያቆመ አንድ ወጣት ወዳጄ ደገማትና የራሱን ጨመረባት፦ «ጋሼ፣ እዚህ ድሬዳዋ ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ እያለ አንድ ሰንጋ የሰፈር ውሃ ጠጥቶ ይታረዳል እኮ!»

ሥጋ መተዉ መብቱ ነው። ምግብ እንዴት እንደሚመረት አንብቦ ሳህኑን የሚመረምር ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል፤ ብዙዎቻችን የምንጎርሰው ነገር ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ ነው ያረጀነው። ጠቤ ከሂሳቡ ጋር ነው። ሙያዬ የእንስሳት መኖ ነውና ይህች ቁጥር በተነሳች ቁጥር ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የውሃ አሻራ አንድን ምርት ከመነሻው እስከ መጨረሻው ለማምረት የዋለው ውሃ ድምር ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለም፤ እንለፈው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረበው ሆላንዳዊው አርየን ሁክስትራ ነው። እሱና የአገራችን ልጅ መስፍን መኮንን በ2012 ባወጡት ጥናት የአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ የዓለም አማካይ 15,415 ሊትር ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ቁጥሯን ከሜዳ ያመጣት የለም፤ በጥንቃቄ ተሠርታለች፣ እኔም አልክዳትም። ችግሩ አጥኚዎቹ በሦስት ከፍለው ያስቀመጧትን ሰው ጨፍልቆ አንድ ማድረጉ ነው።

ሦስቱ ክፍሎች በቀለም ይጠራሉ። አረንጓዴው ዝናብ ነው፤ አፈር ውስጥ ሰርጎ በሣርና በሰብል በኩል ተመልሶ ወደ አየር የሚወጣው። ሰማያዊው ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከጉድጓድ የተቀዳ ነው። ግራጫው ደግሞ ከማዳበሪያና ከመሳሰለው የሚመጣውን ብክለት አቅጥኖ ወደ ተፈቀደው መጠን ለማውረድ የሚያስፈልገው ውሃ ነው፤ በሂሳብ የተገኘ እንጂ ማንም በባልዲ የቀዳው አይደለም። ከ15,415 ሊትሩ ውስጥ 14,414ቱ አረንጓዴ ነው። ሰማያዊው 550፣ ግራጫው 451። ወዳጄ ከጀሪካኑ ሰልፍ ጋር ሊያጋጭ የሚችለው 550ዋን ብቻ ነው። እሷም የዓለም አማካይ ናት እንጂ የሐረርጌ አይደለችም።

ልጅ የዳረ ሰው ቤት አስቡ። ሰርጉ አልፎ አንድ ሒሳብ የሚወድ ዘመድ ወጪውን ይደምራል። ጎረቤቶች ሽንኩርት ሲልጡና ድስት ሲያማስሉ የከረሙበትን ጉልበት በቀን ሠራተኛ ዋጋ ተምኖ ያስገባል። ከባንክ የወጣውን ጥሬ ገንዘብ ያስገባል። ከሰርጉ በኋላ ግቢውን ለማጽዳት የሚያስፈልገውንም ይገምትና ይጨምራል። ድምሩ ግማሽ ሚሊዮን ብር ሆነ እንበል። ደማሪው አልተሳሳተም። የሚሳሳተው ሌላው ዘመድ ነው፤ «ግማሽ ሚሊዮን ብር ሰርግ ላይ ከሚበትን የታመመ ወንድሙን አያሳክምበትም ነበር?» የሚለው። የጎረቤት ጉልበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል አይከፈልም! ተራራ ጥግ የግጦሽ ሣር ላይ የወረደ ዝናብም በቧንቧ ተጉዞ ድሬዳዋ ቦኖ ላይ አይቀዳም። በሬ ባይኖር ኖሮ ያ ዝናብ ሣሩን አብቅሎ በሣሩ በኩል ይተን ነበር።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ እንዳይቆጡኝ ሰርጉን ትንሽ ልጎትተው። ጎረቤቶቹ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ሊሠሩበት ይችሉ ነበር፤ ጉልበታቸው ነፃ አይደለም። አረንጓዴ ውሃም እንዲሁ ነው። ዝናቡ የወረደው ሰው የሚበላው ማሽላ ሊበቅልበት በሚችል ማሳ ላይ ከሆነና እኛ ለከብት ብለን መኖ ከዘራንበት፣ ከሰው አፍ ነጥቀናል ማለት ነው። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ከሆነ ግን የተነጠቀ ሰው የለም። ከባንክ የወጣውም ገንዘብ ቢሆን ከማን ቤት እንደወጣ ይለያያል፤ ከሞላለት ቤት የወጣ 1,000 ብርና ባዶ ከቀረ ቤት የወጣ 1,000 ብር መዝገብ ላይ እንጂ ኑሮ ላይ አንድ አይደሉም። ውሃ ከተረፈው ወንዝ የተቀዳ አንድ ሊትርና ከምሥራቅ ሐረርጌ ጉድጓድ የተቀዳ አንድ ሊትርም እንደዚያው። አሻራው ሊትር ይቆጥራል፤ የሊትሩን ክብደት ግን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ታዲያ በሬው አይጠጣም?» አለኝ ወዳጄ። ይጠጣል፤ በቆላ ሙቀት ደህና አድርጎ ይጠጣል። ነገር ግን በዚያው ጥናት መሠረት ከእንስሳት አሻራ 98 በመቶው መኖ ነው። የሚጠጡት 1.1 በመቶ ገደማ ነው። ስለ በሬ ውሃ መጠየቅ ማለት ስለ በሬ መኖ መጠየቅ ነው፤ ሙያዬም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

የሐረርጌ ሰንጋ ምን ይበላል? ቤት ደጃፍ ታስሮ በእጅ ነው የሚጎርሰው። እዚህ አገር ገበሬው ማሽላና በቆሎ ሲዘራ ሆን ብሎ ያጠባብቀዋል። ቡቃያው ከፍ ሲል ደጋግሞ ያሳሳዋል፤ የሚነቀለው ለጋ አገዳ ለበሬው ነው። ቀጥሎ ከቆመው እህል ሥር ሥሩን ቅጠል ይሸለቅቃል፤ ያም ለበሬው። እህሉ ሲታጨድ አገዳው፣ በመካከል የስኳር ድንች ሐረግ፣ ከእርከኑ ጠርዝ የታጨደ ሣር። ሽማግሌው አገዳውን በገጀራ ቆራርጠው፣ ጠንካራውን ለይተው፣ ለጋውን በእጃቸው ሲያጎርሱ ያየ ሰው ያ በሬ ለምን ጮማ እንደሚያወጣ አይጠይቅም። ያው በሬ ከመድለቡ በፊት ማሳ አርሶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አሻራው ለእርሻውና ለሥጋው ሊካፈል ይገባል። ለሰው እህል የወረደው ዝናብ ነው በሬውንም ያደለበው። የዚህን ሰንጋ ሥጋ ከዓለም አማካይ ጋር ማስተካከል የማላውቀውን ሰው ዕዳ እኔን እንደማስከፈል ነው።

አሁን የምነግራችሁን ደግሞ ወዳጄም አልወደደውም። ጥናቱ በሬዎችን በአረባብ ለይቷቸዋል። በግጦሽ የሚያድገው በሬ ሥጋ በኪሎ 21,829 ሊትር፣ በኢንዱስትሪ ማድለቢያ የሚያድገው 10,244 ሊትር። ቁጥሩን ብቻ ይዞ ለሚሄድ ሰው እንግዲህ ጻድቁ በሺህ የሚቆጠር ከብት በአንድ በረት አጉሮ በእህል የሚያደልበው ድርጅት ነው፤ ኃጢአተኛው ከግመሉና ከከብቱ ጋር ሣር ፍለጋ የሚንከራተተው አርብቶ አደር። ቀለሙን ስትገልጡት ግን ይገለበጣል። የግጦሹ ሰማያዊ 465፣ ግራጫ 243፤ የማድለቢያው ሰማያዊ 683፣ ግራጫ 712። ከጉድጓድ የሚቀዳውም ከብክለት የሚቆጠረውም ማድለቢያው ላይ ይበልጣል። የፋብሪካ እርባታን ጠልቶ ሥጋ የተወ ሰው፣ ያንኑ የፋብሪካ እርባታ አሸናፊ የሚያደርግ ቁጥር ይዞ ሲከራከር መስማት ለእኔ ከባድ ነው።

ሰማያዊ ውሃ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ለእኛ ከውጭ መጥቶ የሚያስተምረን አያስፈልግም። ሐረማያ ሐይቅን የሐረርና የድሬዳዋ ሰው ያውቀዋል። ለሐረር የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የኖረ ሐይቅ ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ሜዳ ሆነ። ደለል ሞልቶበታል፤ ከተሞች ቀድተውታል፤ ከዳር እስከ ዳር የተደረደረ ፓምፕም ለጫትና ለአትክልት መስኖ ስቦታል። በሬ ጠጥቶ አልጨረሰውም። ከዚያ በኋላ ሐረር፣ ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ፣ ቆላ ላይ ከተቆፈረ ጉድጓድ በፓምፕ የሚገፋ ውሃ ጠባቂ ሆነች። የድሬዳዋም ውሃ ከሳቢያን ሰፈር ጉድጓዶች ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ኖራ ከየት የመጣ መሰላችሁ? ስለ ውሃ ተጨንቄ አመጋገቤን ልመርምር የሚል የዚህ አገር ሰው ከሥጋው በፊት ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚዘረጋውን ጫት ቢመረምር አይከፋም። (ይህን ስል ስንት ወዳጅ እንደማጣ አውቃለሁ።)

ጫት ካነሳን ፍየሏም አትቀር። በሐረርም በድሬዳዋም ማታ ማታ ገራባ፣ ቃሚ የጣለውን የጫት ተረፍ፣ የምትለቅም ፍየል አለች። ጫቱ በመስኖ የበቀለ ነው፤ ታዲያ የፍየሏ ሥጋ ያን ሰማያዊ ውሃ ይሸከማል? እንደ አሻራው ደንብ ውሃው ለዋናው ምርትና ለተረፈ ምርቱ የሚከፋፈለው እንደ ዋጋቸው ነው። ገራባ የሚጣል ስለሆነ ድርሻው ዜሮ ይሆናል፤ ሙሉውን ቃሚው ይሸከመዋል። ነገ ገራባ በጆንያ መሸጥ ቢጀምር ግን ያችው ፍየል፣ ያንኑ ቅጠል እየበላች፣ ባለ ዕዳ ትሆናለች። ፋጉሎም፣ ከዘይት መጭመቂያ የሚተርፈው መኖ፣ እንዲሁ ነው፤ የኑግ ፋጉሎ ከዝናብ የመጣ ነው፣ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ግን ከአዋሽ መስኖ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በረት ውስጥ ገብተው አንድ ገንዳ ላይ ይደፋሉ። አዳማ አካባቢ ለውጭ ገበያ የሚደልበው የቦረና ኮርማና ደጃፍ ታስሮ አገዳ የሚጎርሰው ሰንጋ በአንድ ቁጥር የማይለኩት በዚህ የተነሳ ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲሰማኝ ሁለተኛ ስኒ አዝዞ ነበር። የተቆላ ቡና የዓለም አማካይ አሻራ በኪሎ 18,900 ሊትር ገደማ ነው፤ ከበሬው ይበልጣል። ነገርኩት። ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ «ቡና እኮ በኪሎ አይጠጣም» አለ። ልክ ነው፤ ለአንድ ስኒ 130 ሊትር ቢሆን ነው፣ እሱም በአብዛኛው ዝናብ። እኔም የምለው ይህንኑ ነበር፤ ለቡናው የፈቀደውን ማስተዋል ለበሬው ነፈገው።

ሥጋ ለመቀነስ ምክንያት የለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን የሚባል ሙቀት አማቂ ጋዝ ያገሳል፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የእንስሳት እርባታን ድርሻ ከሰው ሠራሽ የሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶ ብሎ አስቀምጦት ነበር፣ በ2023 ደግሞ ወደ 12 በመቶ አወረደው። የኛ ከብት በዚህ ጥሩ ስም የለውም፤ ቀስ ብሎ ስለሚያድግና በክረምት ያገኘውን ኪሎ በበጋ መልሶ ስለሚጥል ለአንድ ኪሎ ሥጋ የሚያወጣው ጋዝ ብዙ ነው። ቆላው ላይ ግጦሹ ተግጦ አፈሩ ሲራቆት ደግሞ ዝናቡ ራሱ አረንጓዴ መሆኑን ትቶ ጎርፍ ይሆናል። እነዚህ ክርክር ናቸው፤ በእነዚህ ቢመጣብኝ ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር።

የከፋኝ የመጨረሻው ነገሩ ነው። «ለማንኛውም» አለ፣ «ዶሮ እየበላሁ ነው፤ 4,325 ሊትር ብቻ ናት።» ይኸውላችሁ። የዶሮዋ 4,325 ሲገለጥ አረንጓዴው 3,545፣ ሰማያዊው 313፣ ግራጫው 467 ነው። በድምር ከበሬው በሦስት እጥፍ ተኩል ታንሳለች፤ በሰማያዊው ግን እጥፍ እንኳ አይራራቁም፤ በግራጫው እንዲያውም ዶሮዋ በለጠች። በዚያ ላይ የእርባታ ዶሮ አገዳ አትበላም። የምትበላው በቆሎና አኩሪ አተር ነው፣ ሰው የሚበላውን። ወዳጄ ሰው የማይበላውን ወደ ሥጋ የሚለውጠውን እንስሳ ትቶ የሰውን እህል የምትሻማውን መረጠ፣ ያውም ውሃ አዳንኩ ብሎ። ስለ ጤናው ወይም ስለ ሚቴኑ ቢለኝ ዝም እል ነበር።